ጠልቆ ወደ ሰበታ መመለስ

«መቼ ነው የምትመለሰው?»

የጠየቀኝ አስጠላቂው፣ ጠላቂዎችን እየመራ የሚወርደው ሰው ነው። ጂቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንደ ዳክዬ እግር የተንጣለለውን የመዋኛ ጫማ ለማጥለቅ እታገላለሁ። አማርኛውን ከእኛ የከባድ መኪና ሹፌሮች የለቃቀመው ቢሆንም ጥርት አድርጎ ይናገራል። ነገ ጠዋት በባቡር እንደምመለስ ነገርኩት።

«ቤትህ የት ነው?»

«ሰበታ።»

«ከፍታው ስንት ነው?»

የተወለደበትን ከተማ ከፍታ በቃሉ የሚያውቅ ሰው አለ? «ያው እንደ አዲስ አበባ ነው» አልኩት። ሊያሸክመኝ ያነሳውን ሲሊንደር ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«እንግዲያው ዛሬ አትጠልቅም።»

ተከራከርኩ። ገንዘብ ከፍያለሁ፤ ከዚህ ለመድረስ ወራት ቆጥቤያለሁ። ደግሞስ የምሄደው በአውሮፕላን ሳይሆን በባቡር ነው። ሳቀብኝ። «ደምህ ባቡሩንና አውሮፕላኑን አይለይም» አለኝና ሌሎቹን ይዞ ወረደ። እኔ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ከላይ ተንሳፍፌ የእነሱን አረፋ ስመለከት ዋልኩ። አረፋው ከታች ሲነሳ ትንንሽ ነው። ወደ እኔ በቀረበ ቁጥር ግን ያብጣል፤ አንዱ ከሌላው እየተጋጠመ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጠፍጠፍ ብሎ ይመጣና ጆሮዬ አጠገብ ይፈነዳል። የዚያን ቀን ከማየት በቀር ምንም አልገባኝም። ነገሩ ሁሉ ግን እዚያ አረፋ ውስጥ ነበር።

ወደ ባሕር የሰደዱኝ መናገሻ ከተማ፣ አምቦ መንገድ ላይ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የባሕር ኃይል አባል ናቸው። ከበራቸው ላይ ሆነው ሲመለከቱ ፊት ለፊታቸው ያለው የወጨጫ ተራራ ነው። የሳሎናቸው ግድግዳ ግን ሌላ አገር ነው፦ ነጭ ዩኒፎርም፣ የምጽዋ ወደብ፣ የጦር መርከብ «ኢትዮጵያ»። ይህቺ መርከብ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1962 የመጣች ስትሆን በፊት ስሟ «ኦርካ» ነበር። በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ለማገልገል የተሠራች መርከብ ናት። በኛ ባሕር ኃይል ውስጥ ዋና መርከብም ማሠልጠኛም ሆነች።

ጋሼ ስለ እሷ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። እኔን የያዘኝ ግን በጨዋታ መሀል ጣል ያደረጉት ነገር ነው። «ዳህላክ ስንወጣ» አሉኝ፣ «የጣሊያን መርከብ በጎኑ ተኝቶ ግማሹ ከውሃ ወጥቶ ይታይ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ስንት አለ መሰለህ!»

ስንት አለ? ከዚያ ቀን ወዲህ ያነበብኩት ሁሉ ይህን ጥያቄ ተከትሎ የመጣ ነው።

መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ገባ። መጋቢት 30 ምጽዋ ወደቀች። የምጽዋው የጣሊያን ባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ ወደቡን ማዳን እንደማይችል ካወቀ ቆይቷል። የቀረው አማራጭ ወደቡን ለማንም እንዳይጠቅም ማድረግ ነበር። የዓለም ጦርነቱ ሲነሳ ሸሽተው ምጽዋ የተጠለሉ የጣሊያንና የጀርመን የንግድ መርከቦች ነበሩ። እነሱን በየወደቡ አፍ ላይ በተርታ አሰልፎ በፈንጂ ሆዳቸውን እያስቀደደ አሰጠማቸው። ክሬኖቹን ወደ ባሕር ጣላቸው፣ የጥገና ማሽኖቹን አስቀጠቀጣቸው። እጁን ሲሰጥ ጎራዴውን በጉልበቱ ሊሰብር ሞክሮ እምቢ ሲለው ወደ ውሃው እንደወረወረው፣ ኋላም ውሃው ሲሸሽ እንግሊዞቹ እንዳወጡት ይተረካል። መርከቦቹን ግን እንደ ጎራዴው ውሃው ሲሸሽ ጎንበስ ብሎ ማንሳት አይቻልም።

ከመርከቦቹ አንዳንዶቹ ወደ ዳህላክ ደሴቶች ተወስደው እዚያው ሰጠሙ። ከእነዚህ መካከል «ናዛሪዮ ሳውሮ» እና «ኡራኒያ» ይገኙበታል። በዚያው ሰሞን ፖርት ሱዳን አቅራቢያ በአውሮፕላን ተመትቶ የሰጠመ ሌላ «ናዛሪዮ ሳውሮ» የሚባል የጦር መርከብም አለ። ዳህላክ ያለው የንግድ መርከብ ነው፤ ሁለቱን የሚያቀላቅል ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ሰበታ እንመለስ።

ዓለም ገና አካባቢ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከጂቡቲ የሚመለሱ ከባድ መኪናዎች የሚቆሙበት አንድ ጎሚስታ አለ። የተበሳ ጎማ ሲመጣለት የውስጡን ላስቲክ በኮምፕረሰር ይነፋና ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ እየደፈቀ ያዞረዋል። አረፋ ከወጣ ቀዳዳው እዚያ ነው። አንድ ቀን ቆሜ ሳየው የሻይ ብርጭቆ ተቀብዬ በአፉ ደፍቼ በርሜሉ ውስጥ አሰጠምኩት። ውሃው ብርጭቆው ውስጥ አልገባም፤ አየሩ ይዞታል። ለቀቅ ሳደርገው ዘሎ ወጣ። ጎሚስታው ልጅ «ጋሼ፣ ደህና ነህ?» አለኝ። ደህና ነበርኩ። ምጽዋ ላይ ከሰጠሙት አንዱ ትልቅ ነገር እንዴት እንደተነሣ በዓይኔ ማየቴ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1942 ምጽዋ የደረሰው ሰው ኤድዋርድ ኤልስበርግ ይባላል፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መሐንዲስ ነው። ከዚያ በፊት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1925 የሰጠመውን «ኤስ-51» የተባለ ሰርጓጅ መርከብ በማስነሣት ነው። ምጽዋ ላይ ከፊቱ የገጠመው የመጀመሪያው ነገር መርከብ ሳይሆን ትልቁ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ነበር። ይህ መጠገኛ በውሃ ተሞልቶ ዝቅ ይላል፣ መርከብ ይገባበታል፣ ከዚያ ውሃው ሲወጣ መርከቡን ተሸክሞ ይነሣል። ጣሊያኖቹ ከታች ባሉት ስምንት ክፍሎች በእያንዳንዳቸው ቦምብ አጥምደው ሰባቱን አፈነዱት። እንግሊዞች አይተው «አይነሣም» ብለው ትተውት ነበር።

ኤልስበርግ ያየው ሌላ ነገር ነው። ፍንዳታው የቀደደው ወለሉን ነው፤ ጣሪያው ደህና ነው። ወለሉ የተቀደደ፣ ጣሪያው የተደፈነ ነገር ምንድን ነው? የተደፋ ብርጭቆ ነው። የታቹን ቀዳዳ ለመድፈን አልደከመም። የላዩን ክፍተት ሁሉ አስደፈነና ከየትም ለቃቅሞ ባገኛቸው ኮምፕረሰሮች አየር አስነፋበት። አየሩ ውሃውን በራሱ በቦምቡ ቀዳዳ ወደ ታች ገፍቶ አስወጣው። በዘጠኝ ቀን ተነሣ። ያልፈነዳው ስምንተኛው ቦምብም እዚያው ውስጥ ተገኘ።

ይህን ሥራ የሠሩት ጥቂት አሜሪካውያን ጠላቂዎች፣ ብዙ ኤርትራውያን፣ ዓረቦች፣ ሱዳናውያንና የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው። ቦታው ደግሞ ምጽዋ ነው። በሙቀቱ ወራት እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የተተወ ብረት በባዶ እጅ አይነካም። ጠላቂዎቹ ከባድ የመዳብ ቁር ደፍተው፣ አየር በቱቦ ከላይ እየተነፋላቸው፣ ብርሃን በሌለው የመርከብ ሆድ ውስጥ ገብተው በዳበሳ ይሠሩ ነበር። ከመጠገኛው ቀጥሎ «ሊበንፌልስ» የተባለው የጀርመን ጭነት መርከብ ተነሣ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ኤልስበርግ ኅዳር 1935 ዓ.ም. ገደማ ምጽዋን ለቆ ወደ ሌላ ግንባር ሄደ። ኋላም «በቀይ ባሕር ፀሐይ ሥር» የሚል መጽሐፍ ጻፈ። ሰውየው ራሱን ማድነቅ አይሰለቸውም። ሆኖም አንባቢው የአንዱን ክፍል ውሃ ወጥቶ ሲያይ የሚሰማውን እፎይታ እንዲህ አድርጎ የሚያጋባ ጸሐፊ ብዙ አላጋጠመኝም።

ዛሬ እኛ የምናውቀው የስኩባ ጠላቂ፣ አየሩን በጀርባው ተሸክሞ እንደ ዓሣ የሚዋኘው፣ ያኔ ገና አልተወለደም። ፈረንሳዮቹ ኩስቶና ጋኛን መሣሪያውን የሠሩት በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ብዙ ሰው ጀርባ ላይ ያለውን ሲሊንደር «ኦክስጅን» ይለዋል። አይደለም። ጎሚስታው ጎማ ውስጥ የሚያስገባው ዓይነት ተራ አየር ነው፤ ተጣርቶ፣ ደርቆና በብዙ እጥፍ ታምቆ ነው እንጂ። አብዛኛው ደግሞ ናይትሮጅን ነው። ጣጣው የሚመጣውም ከዚህ ናይትሮጅን ነው።

«ናዛሪዮ ሳውሮ» ላይ እንውረድ፤ በወረቀት። መርከቡ ቀጥ ብሎ 40 ሜትር አካባቢ ጥልቀት ላይ ተቀምጧል፣ ምሰሶዎቹ ወደ ላይ ተዘርግተዋል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። ስለዚህ የመርከቡ ወለል ጋ ግፊቱ አምስት እጥፍ ነው፤ እያንዳንዱ ትንፋሽም አምስት እጥፍ አየር ይበላል። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2400 ሊትር አየር ይይዛል። ከውሃው ገጽ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ለሚተነፍስ ሰው ሁለት ሰዓት ይበቃል። 40 ሜትር ላይ 24 ደቂቃ ነው፤ ለመመለሻ የሚቀመጠው ሲቀነስ ደግሞ ያንሳል። ለመዝናኛ ጠላቂ የመጨረሻው ወሰንም 40 ሜትር ነው። እዚያ ያለ ማቆሚያ ወደ ላይ ለመመለስ የሚፈቀድለት ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ከ30 ሜትር ወዲያ ደግሞ ናይትሮጅኑ ራሱ ያሰክራል። ሁለት ብርሌ ጠጅ ጠጥቶ የጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው፣ ጠላቂው ያለ ምክንያት ደስ ይለዋል፤ ሰዓቱን ያያል፣ ያየውን ግን ልብ አይልም።

መውረዱ ቀላሉ ነው። ሙያው መውጣቱ ላይ ነው።

በቡራዩ በኩል የአምቦ ውሃ የጫኑ መኪናዎች ሲያልፉ ያያል የኛ አገር ሰው። ጠርሙሱ እንደተከደነ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፤ ጋዙ በግፊት ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ተቀምጧል። ክዳኑን በአንድ ጊዜ ብትነቅለው ገንፍሎ ልብስህን ያበላሻል። ቀስ ብለህ ብታስተነፍሰው በሰላም ይወጣል። ጠልቆ የቆየ ሰው ደም እንደዚያ ጠርሙስ ነው። በግፊት የገባው ናይትሮጅን ሟሙቶ ተቀምጧል። ቀስ ብሎ ከወጣ በሳንባው በኩል በትንፋሽ ይወገዳል። ከቸኮለ ግን አረፋው በመገጣጠሚያው፣ በአከርካሪው፣ በከፋ ጊዜም በአንጎሉ ውስጥ ይነሣል። ስለዚህ ጠላቂ በደቂቃ ከ9 ወይም ከ10 ሜትር በላይ አይወጣም፤ 5 ሜትር ላይ ሲደርስም ለሦስት ደቂቃ ያህል ቆሞ ይጠብቃል።

እስከዚህ ያለውን ማንኛውም የጠላቂ መምህር ይነግርሃል። የኛ ነገር ከዚህ ይቀጥላል።

ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ይህን ሳያየው አይቀርም። ደጋው ላይ ጠጥቶ የከደነው ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ተጨምድዶ ያገኘዋል። ማንም አልረገጠውም፤ የቆላው አየር ነው የጨመቀው። ተቃራኒውም ያው ነው። ከቆላ የመጣ የታሸገ ቺፕስ ደጋ ሲወጣ እንደ ፊኛ ይነፋል። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳሩን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ልዩነቱን ወደ ውሃ ብንመነዝረው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ይህ ማለት የሰበታ ሰው ጂቡቲ ላይ ጭንቅላቱን ከውሃ ሲያወጣ ገና መውጣቱን አልጨረሰም። ከላዩ ሌላ ሁለት ሜትር ተኩል የማይታይ ውሃ አለ፤ ያንን የሚወጣው በባቡር ነው።

አውሮፕላንን እንመልከት። የመንገደኛ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሲሆን የውስጡ አየር እንዲመስል የሚፈቀድለት ከፍተኛው ከፍታ 2400 ሜትር ገደማ ነው። ጠላቂዎች ከጠለቁ በኋላ ከመብረራቸው በፊት ይጠብቁ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ 18 ሰዓት፣ ማቆሚያ የሚያስገድድ ጥልቀት ለገባ ከዚያም በላይ። አውሮፓዊው ጠላቂ ከዚህ በኋላ ይሳፈራል፣ ባሕር ዳር ያለች ከተማው ላይ ያርፋል፣ ግፊቱ ይመለስለታል። የቦሌ ማረፊያ ግን ራሱ 2300 ሜትር ላይ ነው። እኛ ከአውሮፕላኑ ወርደንም እንደ በረርን ነን። ሱሉልታ ቤት ያለው ደግሞ በሩን ከፍቶ ሲገባ ከአውሮፕላኑ ውስጥ ከነበረበት ከፍ ወዳለ ቦታ መግባቱ ነው። ሯጮቻችን ሳንባቸውን ሊያጠነክሩ የሚመርጡት አየር ለጠላቂ የተነቀለ የአምቦ ውሃ ክዳን ነው።

ቡራዩ ያለውን የገፈርሳ ግድብ ባየሁ ቁጥር ይህ ሒሳብ ይመጣብኛል። የመጠጥ ውሃ ነውና ማንም እንዲጠልቅበት አልመክርም። ግን በሐሳብ 10 ሜትር ብንወርድ፣ የላዩ አየር ስስ ስለሆነ፣ ለሰውነታችን ባሕር ላይ 13 ሜትር ገደማ እንደመውረድ ነው። በባሕር ጠለል የተሠራውን የጠላቂ ሠንጠረዥ ይዞ ደጋ ሐይቅ ውስጥ የሚገባ ሰው በተሳሳተ ካርታ የሚነዳ ሹፌር ነው። ሰበታ ውስጥ አገር አቀፍ የዓሣ ምርምር ማዕከል እንዳለን፣ ቆሮሶና አምባዛ በኩሬ እንደሚረባ ብዙ ሰው ያውቃል። ውሃን ከላይ ሆኖ ማጥናት ለምደናል። ወደ ውስጡ ገብቶ ማየቱ ነው የቀረን።

የቀረንም በዘመናችን ነው እንጂ ድሮስ ባሕሩን የማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። ንጉሥ ካሌብ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ሠራዊቱን ወደ የመን ያሻገረው በመርከብ ነው። የዚያ ዘመን የሮማ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በዚህ ባሕር የሚሄዱት ጀልባዎች በብረት ሚስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ መሆናቸውን ጽፏል። ሰዉ ምክንያቱን «ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው» ይል ነበር፤ ፕሮኮፒየስ ግን አልተቀበለም። የሮማ መርከቦች ብረት ተሸክመው በዚያው ባሕር ሲመላለሱ ምንም አልሆኑም አለ። በምጽዋ አካባቢ ባለችው ጥቁር አሳርካ በምትባል ደሴት ሥር ደግሞ፣ ከአክሱም ዘመን የሰጠመ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1997 ተቆፍሯል። እንጨቱን ጊዜ በልቶታል፤ የቀረው የሸክላ ዕቃ ክምር ነው። ከመካከሉ ታቹ የሾለ፣ ገላው የተሸነሸነ ዓይነት ጋን አለ። ሊቃውንቱ ይህን ዓይነት ጋን በአቃባ ወደብና በአክሱም ስም ይጠሩታል፤ እዚያ ተሠርቶ እዚህ ይራገፍ ነበርና። መርከቡ ሰጥሞ እንኳ አድራሻውን አልረሳም።

የቅርቡ ስባሪ የሚያመው ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። የካቲት 1982 ዓ.ም. በምጽዋው ውጊያ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሕይወት ጠፋ፤ ከባሕር ኃይሉም መርከቦች ሰጠሙ። በግንቦት 1983 የተረፉት ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ሸሹ። መርከብ «ኢትዮጵያ» የመን ላይ ቆማ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ኤርትራም በዚያው ዓመት ነፃ አገር ሆነች። ባሕር ኃይሉ እንደገና እንዲቋቋም የተወሰነው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የባሕር በር ክርክሩን ለሌላ ጽሑፍ እተወዋለሁ፤ የሰጠመ መርከብ ላይ ቆሞ ድንበር መከለል ደስ አይለኝም። መናገሻ ያሉት ጋሼ ግን ሲያጫውቱኝ የሚቆጫቸው ስለ ሽያጩ ነው። «ሰጥማ ብትሆን እኮ ዛሬ ዓሣ ይኖርባት ነበር» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። ግብፅ ውስጥ «ቲስልጎርም» የተባለው የእንግሊዝ ጭነት መርከብ መስከረም 1934 ዓ.ም. በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትቶ ሰጠመ። ሞተር ብስክሌቶቹና ካሚዮኖቹ ዛሬም በሆዱ ውስጥ እንደተደረደሩ ናቸው። ከመላው ዓለም ጠላቂ ይጎርፍበታል። እስኪያልቅ ድረስ እየጎረፈበት ነው ማለት ይሻላል፤ ጀልባዎች ለዓመታት ገመዳቸውን ሲያስሩ የኖሩት በመርከቡ ገላ ላይ ነው፣ ከውስጡም ማስታወሻ እያሉ የሚሰርቁ አሉ። የዳህላኮቹን የጠበቃቸው የሄደባቸው ሰው ማነሱ ነው። ብረቱ በኮራል ተሸፍኗል። ከጠባቂነቱ ግማሽ ያህሉ የፖለቲካ ችግር ነው፤ ባልመርቀውም አልክደውም።

በሁለተኛው ጉዞዬ ጂቡቲ ላይ ጠለቅኩ። ያው አስጠላቂ ነው። የመመለሻ ቀኔን ከጠየቀ በኋላ ነው ሲሊንደሩን ያነሳው። 14 ሜትር ላይ ስሙ የማይታወቅ የአንድ ትንሽ ብረት ጀልባ አጽም አለ፤ የታሪክ መዝገብ አይፈልገውም። የማሽኑ ዘንግ እንደ ክንድ ወፍሯል፣ ያወፈረው ዝገትና ቅርፊት ነው። በመስኮቱ ቀዳዳ ውስጥ ብርቱካናማ ዓሣ ቆሞ ያየኛል፤ አልሸሸም። እጄን ግድግዳው ላይ ላሳርፍ ስል አስጠላቂው አንጓዬን ይዞ መለሰኝ፣ በጣቱም «አይ» አለኝ። ከዚያ ወደ ላይ። 5 ሜትር ላይ ገመዱን ይዘን ስንቆም አረፋዬ ከእኔ ቀድሞ ሄደ፣ እያበጠ።

ሰበታ ከሚጀምረው ባቡር ጋር ባሕሩ ቀርቧል፤ መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለመጥለቅ የምትሄድ አንባቢ ካለህ የመመለሻ ትኬትህን ከመቁረጥህ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የምትጠልቅበትን ቀን ወስን። ከዚያ ቀን በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ጂቡቲ ላይ፣ ከባሕሩ ዳር ሳትወጣ ዋል። ድሬዳዋ ወጥቼ ልጠብቅ አትበል፤ እሷም ከ1000 ሜትር በላይ ናት። ቤትህ ሱሉልታ ከሆነ ደግሞ ጨምርበት።